የአመድ ክቦች

ፈትለወርቅ መጀመሪያ ያየችው የጋሼ ዳምጤን እግሮች ነው። የሁሩሙው አሮጌ የቡና መጋዘን በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ በክፍተቱ የገባው የቀትር ብርሃን ከጉልበታቸው በላይ አይዘልቅም።

«ጋሼ!»

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም። ከጨለማው ውስጥ ግን አንድ ሰው ሳሉን ሲያፍን ሰማች።

ሮጠች። የቅዳሜን ገበያተኛ ሰንጥቃ ሚኒባስ እስክትሳፈር ዞር ብላ አላየችም። መቱ ገብታም ለማንም አልተነፈሰችም። ልትታረቃቸው የሄደችላቸውን ሰው ከሁለት ቀን በፊት በተማሪዎቹ ፊት፣ «ሁሩሙ ከሄዱ ዓይንዎን አላይም!» ብላቸው ነበር። አሁን ማን ያምናታል?

ጋሼ ዳምጤ መቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ሽመና አስተምረዋል፤ እሷ ደግሞ እዚያው ፈትል ታስተምራለች። የሚያስተምሩበት ቤት ባለቤት ሚፍታህ ልጁን ሊድር ቤቱን ሲፈልገው፣ ጋሼ የራሳቸውን ጨምሮ ለስምንት መሸመኛ የሚበቃ ቦታ ፍለጋ ኡካና ያዮ ድረስ ተንከራተቱ። በመጨረሻ ዋቁማ የሚባሉ የሁሩሙ ቡና ገበሬ መጋዘናቸውን ሰጧቸው። ሬሳቸውን ያገኙትም ዋቁማ ናቸው። መሰላሉ አጠገባቸው ወድቆ ስለነበር፣ አገሩ ሁሉ ከቆጥ ወድቀው ሞቱ አለ።

ሳያት የምትባለው የፖሊስ ኢንስፔክተር ግን መጋዘኑን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥታ ተራ በተራ መጠየቅ ጀመረች። ፈትለወርቅ ጥግ ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ክሩ በጣቶቿ መሐል ይበጠሳል። የሚስል ሰው በሰማች ቁጥር ቀና ብላ ፊቱን ታያለች። እዚያ ቤት ደግሞ ከጥጡ ብናኝ የተነሣ የማይስል የለም።

«ወላሂ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ነበርኩ፤» አለ ሚፍታህ። «ቤቱን ፈለግኩ እንጂ ሞታቸውን አልፈለግኩም።»

የጋሼ የመጀመሪያ ተማሪ፣ ኋላም ረዳት መምህራቸው የሆነው ሸጋው ቀጠለ።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?» አለችው ሳያት።

«አሞኝ ቤቴ ተኝቼ።»

«መጋዘኑን አይተውታል?»

«አንድም ቀን አልረገጥኩትም። ደግሞስ ሰባት ሸማኔ ብቻ የሚይዝ ቤት ምኑ ይታያል?»

ሳያት አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልጻፈችም። ከዚያ ወደ ፈትለወርቅ ዞረች፤ ሌሎቹን አስወጥታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሲሮጡ ዋቁማ አይተውዎታል፣ እትዬ።»

እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። የሆነውን ሁሉ ተናገረች። «የሳለው ሰው አይቶኝ ይሆን? ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን በቁም ሳጥን ደግፌ ነው የምተኛው።»

«ነገ ሁላችሁም ሁሩሙ ትመጣላችሁ። እኔ ካጠገብዎ አልለይም።»

በማግስቱ ጠዋት ዋቁማን ጨምሮ አራቱም መጋዘኑ ውስጥ ቆሙ፤ ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘዋል። መስኮቶቹ ተከፍተው ስለነበር ወለሉ ላይ በአመድ የተሰመሩ ክቦች ፍንትው ብለው ይታያሉ፤ ሸማኔ እግሩን የሚያስገባባቸው ጉድጓዶች የሚቆፈሩባቸው ቦታዎች ናቸው።

«የጋሼ ዳምጤ ሁለቱም መዳፍ አመድ ነበር፤» አለች ሳያት። «መሰላሉን እዩት። አንድም መወጣጫ ላይ አመድ የለም። ስለዚህ አልወጡም፤ ያልወጣ ሰው ደግሞ አይወድቅም። ማጅራታቸውን የመታቸው ይህ የዶማ እጀታ ነው። መሰላሉን ገዳያቸው ነው አምጥቶ ያጋደመው።»

«ያ ዋቃ!» አሉ ዋቁማ አምላካቸውን ጠርተው።

«እስቲ ክቦቹን ቁጠሩ።»

«ሰባት፤» አለ ሚፍታህ።

«ጋሼ ከመቱ ሲነሡ ያሰቡት ስምንት ነበር። ይህ ምሰሶ ስምንተኛውን እንደማያስገባ ያወቁት ቅዳሜ እዚህ ሲለኩ ነው። ዋቁማ ሬሳውን ከበሩ ሆነው አይተው ወደ እኛ ሮጡ፤ እትዬ ፈትለወርቅም ከበሩ አላለፉም። ከዚያ በኋላ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ታዲያ ቤቱን ረግጬው አላውቅም ያለ ሰው ሰባት መሆኑን ከየት አወቀ?»

ሸጋው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው። በእጁ አፍኖ ሊመልሰው ታገለ። ፈትለወርቅ የሳያትን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ያን ቀን የሰማሁት ሳል ይኸው ነው፤» አለች።

«‹ስምንተኛ ቦታ የለም፤ ከሁለታችን አንዳችን እንቀራለን› አሉኝ፤» አለ ሸጋው። «ሃያ ዓመት አብሬያቸው ቆይቼ! ነገሩን አላስጨረስኳቸውም።»

ሳያት ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለፈትለወርቅ ሰጠቻት። «ከኮታቸው ኪስ የተገኘ ነው። ጽሑፋቸውን ያውቁታል፤ ያንብቡልን።»

በየጉድጓዱ የሚቀመጡት ሰዎች ስም ነበር። ፈትለወርቅ ሰባቱንም አነበበች። መጀመሪያ የተጻፈው የሸጋው ስም ነው። ዳምጤ የሚል ስም አልነበረበትም።

ሸጋው ወደ ፈትለወርቅ ዞረ።

«ደግመሽ አንብቢልኝ፤» አላት።

ደግማ አነበበችለት።