ርዕስ የሌለው ደብዳቤ

ጀቤሳ ከቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ የሞተው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ላጲሶ ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ የሟች እናት ወይዘሮ ሎሚ ደጃፉ ላይ እግሩ ስር ወደቁ።

«ልጄ ራሱን አላጠፋም በልልኝ! በገዛ እጁ ከሆነ ፍትሐት የለውም ብለውኛል ቄሶቹ። ቀብሩ ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ላጲሶ ጴንጤ ነው፤ ፍትሐት በእሱ ቤት የለም። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አነሳቸው። ምን ሊያደርግላቸው እንደሚችል ግን አላወቀም። ጀቤሳ ዓይነ ስውር የኮምፒውተር አስተማሪ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የተገኘው የስንብት ደብዳቤ ደግሞ «ኑሮ ሰልችቶኛል፤ ማንም አይጠየቅ» ይላል።

መጀመሪያ ጥበቃውን ጋሽ ሽፈራውን ጠየቀ።

«ውሃ ከስንት ቀን በኋላ መጥታ ደረጃው ሥር ጀሪካን ስሞላ ነበር። ከወንድሙ ከምልኬሳና ከእጮኛው ከገላኔ በቀር ወደ ላይ የወጣ የለም። ማን ቀድሞ ወረደ ካልከኝ ግን እሱን ልብ አላልኩም፤ ይቅር ይበለኝ!»

«ደብዳቤውን አይተውታል?»

«ባየውስ? ፊደል አልቆጠርኩ።»

ታላቅ ወንድሙ ምልኬሳ ዓይኑ አብጧል። «ሃያ ዓመት እጁን ይዤ የመራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ስገባ በረንዳው ክፍት ነበር፤ ደብዳቤው ስክሪኑ ላይ። ምንም አልነካሁም።»

እንደ እጮኛዋ ዓይነ ስውር የሆነችው ገላኔ ግን አላለቀሰችም። «ትናንት ሠርጋችንን ስናቅድ ነው ያረፈድነው፤ ስወጣ ደህና ነበር። ደብዳቤውን እኔ ጽፌው እንደሆነ ከጠረጠሩ ላፕቶፑን ይስጡኝ» አለችው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ላጲሶ አራቱንም ሳሎን ሰብስቦ ላፕቶፑን ገላኔ ፊት አስቀመጠ።

«ትናንት ባልደረቦቼ ሲያገኙት ስክሪኑ በርቷል፤ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበው ድምፅ ግን ተዘግቷል። ጀቤሳ እንዲህ ነበር የሚሠራው?»

«ተቃራኒውን ነው እንጂ!» አለች ገላኔ። «ስክሪኑን ሁልጊዜ ያጨልመዋል፤ ‹ለማን ይብራ?› እያለ ይስቅ ነበር። ድምፁ ከሌለ ግን አንድ መስመር አይጽፍም። ምን እንደጻፈ በምን ይሰማል?»

«እስቲ አስነሺውና ደብዳቤውን አስነብቢው።»

ጣቶቿ ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ድምፁ ነቃ። «የኤችን ፊደል ቁልፍ ስነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። ለተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንን ነው» ብላ ተጫነች።

«ርዕስ የለም» አለ ላፕቶፑ።

«ከላይ በትልቁ የደመቀው ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«እሱ ለዓይን ብቻ የደመቀ ነው» አለ ላጲሶ። «ኮምፒውተሩ ላይ ርዕስ ተብሎ ስላልተመዘገበ ድምፁ አያገኘውም፤ ለጀቤሳ ምንም አይደለም። የጻፋቸውን ሁሉ ጠዋት ከባለሙያ ጋር አይቻለሁ፤ የአስቤዛ ዝርዝር እንኳ ያለ ርዕስ አይጽፍም። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፈው የሚያይ ሰው ነው። ገላኔ አታይም። ጋሽ ሽፈራው አይጽፉም። ምልኬሳ፣ አንተ ምንም አልነካሁም ብለሃል። ስክሪኑን ማን አበራው? ድምፁንስ ማን ዘጋው? በጻፍክ ቁጥር እያንዳንዱን ፊደል ጮኾ ሲናገርብህ ጊዜ አንተ ነህ የዘጋኸው።»

ምልኬሳ አንገቱን ሲያቀረቅር ላጲሶ ወደ ገላኔ ዞረ።

«ገላኔ፣ ጀቤሳ ትናንት የጻፈውን ክፈችው።»

ከፈተችና ኤችን ነካች። «ርዕስ፣ ደረጃ አንድ። ለገላኔ ቤተሰብ የሚላኩ ሽማግሌዎች» አለ ድምፁ። የታች ቀስቱን ተጫነች። «አንደኛ፣ ወንድሜ ምልኬሳ።»

ምልኬሳ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «‹ዕውር ለዕውር ተጋብታችሁ ማን ማንን ሊመራ ነው?› አልኩት። ‹ከእንግዲህ መሪ አያስፈልገኝም› አለኝ። እኔ… ያለ እሱ ምን ሥራ አለኝ? ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም እማዬ!»

ወይዘሮ ሎሚ ልጃቸውን አላዩትም። «ፍትሐቱ ይደረግለታል?» አሉ።

«ይደረግለታል እናቴ። እኔው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እናገራለሁ።»

እሳቸው ቀስ ብለው ዞሩ። የምልኬሳ እጆች ሲታሰሩ እያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከዚያ አወጡት።

«ሬሳውን ማን ያንሳልኝ? ሌላ ወንድ ልጅ እኮ የለኝም።»

ገላኔ ላፕቶፑን ከደነች። ለቀብሩ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።