የተኛ መንገደኛ ትኬት

ሴትዮዋ የተኛች ነበር የምትመስለው።

ናሙናው ፉርጎ የቆመው በኤግዚቢሽን አዳራሹ መሀል ነው። ሞተር የለው፣ ሐዲድ የለው። ወንበሩ፣ መስኮቱና መብራቱ ግን ቁርጥ ይመጣል የሚባለውን ፈጣን ባቡር ነው። ሕዝቡ በር ላይ የማስታወሻ ትኬት እየተቀበለ ይገባል፣ ይቀመጥበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ "ይሠራ" "አይሠራ" እያለ ተጨቃጭቆ ይወጣል።

በዚያን ዕለት ሊመሽ ሲል የጽዳት ሠራተኛዋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሰች። አንዲት ሴት ኮቷን እንደለበሰች ራሷን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋለች።

"እትዬ፣ እየዘጋን ነው።"

ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ሴትዮዋ በጎኗ ተንሸራታ ወደቀች።

ፖሊስ ሲደርስ ሟቿን ለማወቅ መታወቂያ መፈለግ አላስፈለገም። ከተማው ሁሉ "ፕሮፌሰሯ" እያለ የሚጠራት ናት። ለፈጣኑ ባቡር የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን እንድታጠና ምክር ቤቱ የመረጠው እሷን ነበር። መልሷን የምትናገረውም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ምክር ቤቱ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ያለ እሷ ድምፅ ሰጠ። ባቡሩ ይሠራ ተባለ።

"እንዲህ ያለ መገጣጠም ደስ አይለኝም" አለ ሳጅኑ ጓንቱን እያጠለቀ።

የኢንስፔክተሯ ዓይን ወንበሩ ላይ ተተክሏል። በራስ መደገፊያውና በሽፋኑ መካከል አንዲት ትኬት ተሰክታለች። በቁመቷ ታጥፋለች። ጫፏ ተበስቷል።

ያንን አስተጣጠፍ ታውቀዋለች። አባቷ ዕድሜውን የፈጀው በአሮጌው ባቡር ላይ በትኬት ተቆጣጣሪነት ነው። መንገደኛ ተኝቶ ካገኘ አይቀሰቅስም። ትኬቱን ከእጁ ቀስ ብሎ ወስዶ ይበሳዋል፣ በቁመቱ አጥፎ ራስጌው ላይ ይሰካዋል። ተረኛው ተቆጣጣሪም ያንን አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ልጅ ሆና አብራው ስትጓዝ ስንቴ ነቅታ ትኬቷን ራስጌዋ ላይ አግኝታለች!

አሁን በከተማው ውስጥ ያ ልማድ ያለው ሰው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ አባቷ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ በዚሁ ናሙና ፉርጎ ውስጥ የድሮ የደንብ ልብሱን ለብሶ ጎብኚ እንዲያስተናግድ ተቀጥሯል። ሌላው አባቷ በወጣትነቱ ሥራ ያስተማረው፣ እነሱው ቤት እየበላ ያደገው፣ በኋላም ተምሮ የፈጣኑ ባቡር ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሰው ነው። እስከ ዛሬ "ወንድም ጋሼ" ነው የምትለው።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ሳጅኑ ትኬቷን መዘዛት።

"ትኬት ናት" አለች። አልዋሸችም፤ ግን እውነቱንም አልተናገረችም።

ሳጅኑ ትኬቷን በላስቲክ ከረጢት ከተታት።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ኢንስፔክተሯን እንደ ታናሽ እህቱ አቀፋት።

"ምን ጉድ ነው ይሄ? ከትናንት ጀምሮ ድምጿን አልሰማሁም። ስልክ እንኳ አልደወለችልኝም።"

"ዛሬ እዚህ አልመጣህም፣ ወንድም ጋሼ?"

"ኧረ እኔ ምክር ቤት ነው የዋልኩት።"

አመነችው። እንዲያውም ለማመን ቸኩላ ነበር፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነበርና።

መጀመሪያ የተጠየቀው የአውቶቡስ ባለንብረቶች ሊቀመንበር ነው። ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ቀርቦ "ያቺን ሴትዮ አንድ ሰው ዝም ያሰኛት!" ብሎ ነበር።

"ዝም ያሰኛት ብለዋል። ይኸው ዝም አለች።"

"የኔ እመቤት፣ አፌ ነው እንጂ እጄ አያውቅም! ሚስቴን ጠይቂያት።"

"ዛሬ የት ዋሉ?"

"ምክር ቤት። ስጮህ ነው የዋልኩት። ሁለት ጊዜ አስወጥተውኛል።"

"ከዚያስ?"

"ሁለት ጊዜ ተመልሼ ገባሁ።"

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ይሄ ባቡር እኮ" አለ ባለአውቶቡሱ ልብ እያገኘ፣ "ለሚቸኩል ሀብታም ነው። ሕዝቡ የሚፈልገው ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ አውቶቡስ ነው።"

"የእርስዎ አውቶቡስ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል?"

ባለአውቶቡሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱን ተይው። ሴትዮዋን ግን እኔም ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ነበር። በኋላ ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ 'ፕሮፌሰሯን ድንገት አሟታል፣ አትመጣም' አለ። ድምፅ ስጡ ተባለ፣ እኔም ጉድ ሆንኩ።"

የምክር ቤቱ ጥበቃዎች ተጠየቁ። ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ሁለቴ አስወጥተውታል፣ ጩኸቱ አሁንም ጆሯቸው ላይ አለ። ለቀቁት።

ቀጥሎ አባቷ ቀረበ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ የሚጠይቀው ሳጅኑ ነበር።

"አባባ፣ ትናንት ፕሮፌሰሯ ላይ ጮኸውባታል። የበሩ ዘበኛ ሰምቷል።"

"ጮኼያለሁ። የእኛን ባቡር ልትቀብሪው ነው ወይ አልኳት።"

"ምን አለችዎት?"

"ሳቀች። 'አባባ፣ ነገ ይሰሙኛል' አለችኝ።"

"ዛሬስ አይተዋታል?"

አባቷ ኮፍያውን አዞረው። "አላየኋትም።"

"ቀኑን ሙሉ ፉርጎው ውስጥ ውለው?"

"ሰው በዛ። አላየኋትም።"

አባቷ ሲዋሽ ታውቀዋለች። አንገቱ ይቀላል። አሁን እስከ ጆሮው ቀልቷል።

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኢንስፔክተር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሰውዬው ተጣልተዋታል፣ እዚያው ውለዋል፣ እየዋሹ ነው። አባትዎም ናቸው። ነገ ጠዋት ለአዛዡ እናገራለሁ፤ ጉዳዩም ከእጅዎ ይወጣል።"

"እስከ ጠዋት ስጠኝ።"

"እስከ ጠዋት።"

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ያገኘውን ሊነግራት የደወለው ከዚያ በኋላ ነው።

"ከጆሮዋ በላይ ተመታለች። ጠርዝ ያለው ብረት ይመስለኛል፤ የወንበር ክንድ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አልሞተችም።"

"እንዴት?"

"ደሙ ከራስ ቅሏ ሥር ቀስ እያለ ነው የተጠራቀመው። እንዲህ የሆነ ሰው መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ተነስቶ ያወራል። ከዚያ ራሴን ይላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። በመጨረሻም ያንኮራፋል። ያየው ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።"

"ሰው ቢደርስላትስ?"

"ሆስፒታል ብትገባ ትተርፍ ነበር። እያንኮራፋች እንኳ ተስፋ ነበራት።"

ስልኩን ዘጋች። የምትፈራው ነገር አሁን ሁለት ሆኗል። አባቷ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ደግሞ ከዚያ የማይተናነስ ነገር ሊሆን ነው።

ጠዋት አባቷን ቤቱ ስትደርስ የትኬት መብሻውን በጨርቅ እየወለወለ አገኘችው። ሳጅኑን ደጅ አቁማ ብቻዋን ገባች። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

"አባዬ፣ ይቺን ማን ሰካት?"

አየት አደረጋት። እጁ ቆመ።

"አባዬ፣ ወይ አንተ ነህ ወይ ወንድም ጋሼ ነው።"

"እኔ ነኝ" አለ። "ተኝታ አገኘኋት። ትኬቷ ጭኗ ላይ ወድቋል። በሳሁና ሰካሁላት። መጋረጃውንም ዘጋሁላት፣ ብርሃን እንዳይረብሻት።"

"እንደተኛች በምን አወቅክ?"

"ታንኮራፋ ነበር ልጄ። ምስኪን፣ ምን ያህል ቢደክማት ነው አልኩ።"

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን ያዘች። አባቷ ግን አላያትም፤ መብሻውን ነበር የሚያየው።

"ታዲያ ትናንት ለምን ዋሸህ?"

"እሱ ነው። ከሞተች በኋላ መጥቶ 'ጋሼ፣ አላየኋትም ይበሉ፣ ነገር እንዳይበላሽብን' አለኝ። ልጄ ማለት እኮ ነው። ምን ላድርግ?"

"ወንድም ጋሼ አንተ እንዳየሃት በምን አወቀ?"

"እንዴት አያውቅም? ጠዋት በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት ከእሷ ዘንድ ወጥቶ እኔ ዘንድ መጣ። 'ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ደክሟታል፣ ትተኛ፣ እንዳይቀሰቅሷት' አለኝ። እኔስ መቼ የተኛ ቀስቅሼ አውቃለሁ?"

የባለአውቶቡሱ ወሬ ያን ጊዜ ትዝ አላት። "ድንገት አሟታል፣ አትመጣም።" ከትናንት ጀምሮ ድምጿን አልሰማሁም ያለ ሰው መታመሟን ማን ነገረው?

ሥራ አስኪያጁን ያገኙት ናሙናው ፉርጎ ውስጥ ነው። አዳራሹ ለጎብኚ ተዘግቷል። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

"ፕሮፌሰሯ አሟታል ብለው ለምክር ቤቱ የተናገሩት እርስዎ ነዎት?"

"እርስዎ?" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ወንድም ጋሼ ማለት ቀረ?"

"ዛሬ ኢንስፔክተር ነኝ። ማን ነገርዎት?"

"እሷው... ደውላልኝ ነበር።"

"ስልኳን አይተነዋል። አልደወለችም። እርስዎም ራስዎ ትናንት 'አልደወለችልኝም' ብለውኛል።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ጠዋት እዚህ አልመጣሁም ብለዋል። አባቴ አይቶዎታል። እንዳይቀሰቅሷት ብለውታል።"

"ጋሼ ነገረሽ?" ይሄ ሲወጣው ድምፁ ተሰበረ። ዓይኑን በመዳፉ ከደነ።

"ልገድላት አልፈለግኩም" አለ። "እስኪ ላስረዳት ብዬ ነው ጠዋት የጠራኋት። እንደ መንገደኛ ትኬት ይዛ ተቀምጣ ትየው፣ መስኮቱን ትየው ብዬ። እሷ ግን ወስናለች። 'አያዋጣም' አለችኝ። 'ፈጣን የሚሆነው ትንንሾቹ ከተሞች ላይ ስለማይቆም ነው። እነሱ ከፍለውበት እነሱን ጥሎ ያልፋል። መጀመሪያ አሮጌው ይጠገን፣ ይሄ ከዚያ በኋላ ይምጣ' አለች።"

"ስለዚህ መቷት።"

"ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኳት። ተመናጨቀች፣ ለቀቅኳት፣ ወደቀች። ራሷ የወንበሩን ክንድ መታው። ተነሳች እኮ! ደህና ነኝ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ሐኪም ጥራልኝ አለችኝ። ዓይኗ እየከበደ ነበር።"

"አልጠሩም።"

"ሰዓቱን አየሁ።" ከዚህ በኋላ ፊቱ እንደ ሕፃን ተኮማተረ። "አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የፈለግኩት። እንቅልፍ ይዟት ስብሰባው እንዲያልፋት ብቻ! እናቴ የሞተችው በጋሼ ባቡር ላይ መሆኑን አትረሺ። ሆስፒታል ስወስዳት የዕቃ ባቡር ይለፍ ብሎ በየጣቢያው ሲቆም፣ ሲቆም፣ እጄ ላይ ሞተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይቆም ባቡር እሠራለሁ ብዬ ምያለሁ። አያዋጣም ይሉኛል! የእናቴን ነፍስ በምን ሂሳብ ሊያስገቡት ነው?"

ኢንስፔክተሯ እናቱን ታውቃት ነበር። ለቅሶዋንም ተቀምጣለች። ከወንበሯ ግን አልተነሳችም።

"እናትህ ሐኪም እየፈለገች ሞተች" አለች፣ ሳታውቀው 'እርስዎ' ማለቱን ትታ። "ፕሮፌሰሯም ሐኪም እየፈለገች ሞተች። አንተም አልቆምክላትም።"

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ።

አባቷ ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ቤቱ ልታደርሰው መኪናዋ ውስጥ አስገባችው። ሬዲዮው ስለ ባቡሩ ያወራል። ምክር ቤቱ ውሳኔውን ለጊዜው አግዶታል። አንዱ ያዋጣል ይላል፣ ሌላው አያዋጣም። ዘጋችው።

"ልጄ" አለ አባቷ ድንገት። "ትኬቷን ስሰካ በሕይወት ነበረች አይደል?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። ግን ሐኪሙ ችሎት ቀርቦ መናገሩ አይቀርም። ከሰው ከሚሰማው ከእሷ ይስማው።

"አዎ አባዬ።"

"ብቀሰቅሳትስ?"

"አልነቃ ስትልህ ሰው ትጠራ ነበር።"

"ትተርፍ ነበር ማለት ነው?"

"ልትተርፍ ትችል ነበር።"

አባቷ አላለቀሰም። መብሻውን ከኪሱ አውጥቶ የመኪናው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠና ዘጋበት። ከዚያ ራሱን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

እሷም እየነዳች አየችው። ዕድሜዋን ሁሉ እሱ ሳይቀሰቅሳት እንድትተኛ ተጠንቅቆላታል፤ አሁን ተራው የእሷ ነበር። ደክሞታል። ማረፍ አለበት። ትንሽ ዝም ብላ ነዳች። ትንፋሹ አይሰማም።

መኪናውን ጥግ አስይዛ አቆመች፣ ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው።

"አባዬ! አባዬ!"

"አልተኛሁም" አለ አባቷ።