የጋሽ ይርዳው ፈረቃ

ወደ ሰገነት የምትወጣው መንኮራኩር እንደ ወትሮዋ አርፍዳ ደረሰች። መንገድ ላይ ክብደት በጠፋ ሰዓት የአንዲት ተሳፋሪ የሽሮ ከረጢት ተፈትቶ ስለነበር ሠላሳ ሰው እያነጠሰ ነው የወረደው። ትርሲት ዓይኗን እያሸች፣ ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ የክፍል ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት በር ላይ ቆመች። መዳፏን ስታሳርፍበት ተከፈተላት።

«እንኳን ደህና መጡ። ይማርዎት» አላት አሳዳሪው።

አሳዳሪ የሚባለው የክፍሉ አእምሮ ነው። ብርሃኑን፣ አየሩን፣ የፍራሹን ልስላሴ ሳይቀር ለእንግዳው እንደሚመች ያስተካክላል፤ ከእንግዳውም ጠባይ ይማራል። ፊት የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። የዚህኛው ድምፅ ዝግ ያለና ጨዋ ከመሆኑ የተነሳ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ይመስላል።

ሰገነት ከምድር አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የምትሽከረከር፣ እንደ ቀለበት ክብ የሆነች ከተማ ናት። እዚያ ሰው የሚመዝነው ምድር ላይ ከሚመዝነው ግማሹን ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ ይመኛታል። ቦታው ጠባብ ነውና ቤት የሚሰጠው በፈረቃ ነው። አንዱ ክፍል ሃያ ስድስት ባለድርሻ አለው፤ እያንዳንዱ በዓመት ሁለት ሳምንት ይኖርበታል፣ ሁልጊዜም ያንኑ ሁለት ሳምንት። አንድ ዓመት የቀረ ድርሻው ይሰረዛል።

የመቶ አሥራ ሁለት ሃያ ስድስተኛው ድርሻ የአጎቷ የጋሽ ይርዳው ነበር። ዘንድሮ ሐኪሞች ልባቸው የመንኮራኩር ጉዞ እንደማይችል ስለነገሯቸው ድርሻውን ለትርሲት ሊያስተላልፉላት ተነሡ። የፈረቃቸው የመጨረሻ ሦስት ቀን ለእሷ መሞከሪያ ሆነ።

«በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አውራ ጣትሽን ታሳርፊያለሽ» አሏት የድርሻ መዝገብ ኃላፊዋ ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት። «ለአርባ ዓመት ነው። መሐል ላይ ማቋረጥ የለም፣ ሳምንቱን ማስቀየር የለም። በየፈረቃሽ አራት ቀን የፓምፕ አዳራሽ ሥራ አለብሽ። ካልፈለግሽ ለተራ ጠባቂ እንሰጠዋለን። ወረፋው እስከ አዳማ ይደርሳል።»

ትርሲት የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። የአዳማ የምድር ውስጥ ባቡር የአየር ማስተላለፊያ ጠጋኝ ነች፤ በሥራዋም ማንም አያማትም፣ እሷም ይህን ታውቃለች። ባቡሩ ለጽዳት የሚዘጋው በነሐሴ ሁለት ሳምንት ነው፤ ሌላ ዕረፍት የላትም። የጋሽ ይርዳው ፈረቃ ደግሞ ልክ በዚያው ሁለት ሳምንት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከፈረመች ሰባ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ነሐሴዋ ሁሉ ሰገነት ላይ ሊያልቅ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አምስት ዓመት የደከመችበት የእንጨት ጀልባም ሳይጨረስ ይቀራል።

እምቢ እንዳትል ደግሞ ጋሽ ይርዳው ናቸው። አባቷ ሲሞት አሥር ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ የመጀመሪያዋን ካቻቪቴ የገዙላት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸውና በየዓመቱ ከሰገነት ሲመለሱ ቁጭ አድርገው ይተርኩላታል፤ ደመናው ከእግር በታች ሲዞር፣ አባይ እንደ ክር ቀጥኖ ሲታይ። እሷም «ጋሼ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ትላቸዋለች። ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲባል ኖሮ አሁን «አልፈልግም» የሚለው ቃል ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያው ጠዋት የቀሰቀሳት ብርድ ነው።

«በርዶኛል» አለች ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ እየሳበች።

«ይቅርታ፤ ዛሬ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል» አለ አሳዳሪው።

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ትንሹ?»

ዝም አለ። ትርሲት በሥራ ዘመኗ የሚያመነታ ማሽን አይታ አታውቅም። ማሽን ወይ ይመልሳል፣ ወይ ተበላሽቷል።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነው» አለ በመጨረሻ።

ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። ካቻቪቴዋ ከልብሷ በፊት ነው ሻንጣ ውስጥ የሚገባው። በአልጋው ራስጌ በኩል ያለውን የግድግዳ ሽፋን ፈትታ አነሣችው። የሞቀውን ውኃ በግድግዳው ውስጥ የሚያዞረው ቧንቧ ላይ ያለው ቫልቭ ግማሽ ላይ ነክሶ ቀርቷል። በዙሪያው ያለውን ስታይ ግን እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አንዱ ቫልቩን በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞታል። ሌላው የጫማ ሶል ቆርጦ ሽብልቅ ሠርቶለታል። የብስኩት ወረቀት እየታጠፈ ተጠቅጥቋል። ሙቀቱ እንዳይባክን የሹራብ እጅጌ ተቆርጦ ቧንቧው ላይ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ደግሞ የባለሙያ ነው። አንዱ የሌላውን አላፈረሰም፤ ሁሉም በላዩ ላይ እየጨመረ ሄዷል። ከሁሉም በላይ የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ለጋሽ ይርዳው የገዛችላቸው ግራጫ ካልሲ በጥንቃቄ ታስሯል።

«ለምን ለጥገና አላሳወቅህም?»

«ብልሽት ሲገኝ የሚጠየቀው ከፊት የነበረው ቤተሰብ ነው። ስድስት ቀን የፓምፕ አዳራሽ ሥራ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ያዩት እንግዳ ‹ተወው፣ ሰው አናስቀይም› አሉኝ። ቀጥለው የመጡት ‹ስሜን እንዳታነሣ› ብለው ሽቦውን አሰሩ። ሦስተኛዋ ‹ዝም አይነቅዝም› አሉኝ። እኔ የምማረው ከእንግዶቼ ነው።»

ትርሲት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ከት ብላ ሳቀች። «ይሉኝታ ያዘህ በለኛ!»

«ቃሉን አውቀዋለሁ። ሃያ ስድስቱም ቤተሰብ አንድ ነገር ሲያደርጉ ሳይ ትክክለኛው አሠራር መሰለኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህንንስ ማንም አላስተማረህም?»

«እሱ አልደረሰኝም» አለ አሳዳሪው።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። ሽቦው ቧንቧውን በልቶታል፤ አንድ ዓመት ቢቆይ የፈላ ውኃ በተኛ ሰው ላይ ይፈነዳ ነበር። ቫልቩን በጣቷ ዳሰሰችው። ማንም አልሰበረውም። የውኃው ጨው ነው አሥሮ የያዘው፤ የዕድሜ ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሸሸጉት የማንም ጥፋት አልነበረም።

«ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?» አለችው። «እንዳታስቀይመኝ ብለህ አታቆላምጥ። እውነቱን ብቻ።»

አሳዳሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለ ጋሽ ይርዳው ነው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ የመስኮቱን መጋረጃ የገለጡት አንድ ጊዜ ነው። ያን ጊዜም ግድግዳውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ አስመለሳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ሳምንት ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው መጽሐፍ ያነባሉ። ከፍታ ይፈራሉ።»

«ታዲያ ለምን ይመጡ ነበር?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹የወንድሜ ድርሻ ነው፤ ልጁ ትወደዋለች፤ እንዳይሰረዝባት› አሉኝ።»

ትርሲት አለቀሰች። ማሽን ፊት ማልቀስ አያሳፍርምና የልቧን አለቀሰች። በየነሐሴው ግንባራቸውን ስማ የምትሸኛቸው ሰው፣ መንኮራኩሯ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ ሰው ነበሩ። ያ ሁሉ ደመናና አባይ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነበር። ሃያ አራት ጊዜ ለእሷ ሲሉ ፈርተዋል።

ሁለተኛው ቀን በዚህ ሐሳብ አለቀ። እምቢ ማለት ከበፊቱ ይልቅ ከበዳት፤ ሃያ አራት ዓመት የተሸከሙላትን እንዴት መሬት ትጥለዋለች? ደግሞ ታስባለች፤ ከፈረመችም አርባ ዓመት ሙሉ «እንዴት ደስ ይላል» እያለች ትኖርና ሲያረጅባት የአንዱን ሰው ልጅ ጠርታ ታስረክባለች። ያም ልጅ ለእሷ ሲል ደስ ብሎኛል ይላታል። ይህ ነገር እጇ ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ማቆም የምትችል እሷ ናት። የተበላሸ ነገር ጠግና ታውቃለች፤ ይህም ከዚያ አይብስም።

በሦስተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። ጋሽ ይርዳው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በስክሪኑ ታዩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። እንዳይቆጡኝ።»

«ምነው ትርሲትዬ? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ድርሻውን አልቀበልም።»

ትርሲት የሚያስታርቅ ቃል ልትጨምር ከጀለችና ምላሷን ነከሰች።

«ቤቱ አልተመቸሽም?» አሉ ቀስ ብለው። «ብርድ አለው እንዴ?»

«ካልሲዎን አግኝቼዋለሁ።»

የሽማግሌው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትርሲት እያለቀሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ያን ቦታ አንድ ቀን እንኳ ወድጄው አላውቅም እኮ! ሥራ የያዝሽ ጊዜ ልሰጥሽ ብዬ ‹ጋሼ ከለመዱት ቦታ አልነቅልዎትም› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«የሚወዱት መስሎኝ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ የምትወጂው መስሎኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ፊታቸው ተለውጧል።

«የአባትሽ ነው ግን» አሉ። «እሱ የተወልሽ በኔ እጅ ሲጠፋ፣ በሰማይ ሳገኘው ምን እለዋለሁ?»

«አባቴ የተወልኝ እርስዎን አይደል እንዴ? ይበሉት፣ ልጅህ አልጎደለባትም።»

ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ታዲያ ነሐሴ ላይ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጀልባዬን እጨርሳለሁ። ዝዋይ ይመጣሉ፤ እወስድዎታለሁ።»

«ውኃም እፈራለሁ» አሉ።

«እንዲህ ይንገሩኛ! ዳር ላይ ተቀምጠው ይመክሩናል።»

ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ፈትለወርቅ የምታትምበትን ሰሌዳ ወደ ፊት ገፉላት፤ ትርሲት መልሳ ገፋችው። ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «አልፈልግም የሚል ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም» አሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ እንዲያውም ሊጠይቋት የፈለጉት ነገር ያለ ይመስል ነበር፣ ግን ተዉት። ትርሲት የቫልቩን ብልሽት አስመዘገበች፤ መንሥኤው ዕድሜ መሆኑን፣ ማንም ቤተሰብ መጠየቅ እንደሌለበት በባለሙያ ቃሏ ፈርማ አረጋገጠች። ጠጋኞች መቼ እንደሚደርሱ ስትጠይቅ «ወር ይፈጃል» ተባለች።

መንኮራኩሯ የምትነሣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ትርሲት ወደ ክፍሉ ተመለሰች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የውኃውን መስመር ዘጋች። ሽቦውን፣ ሶሉን፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ አወጣች። የተበላውን ቧንቧ ቆርጣ ከፓምፕ አዳራሽ ለምና ባመጣችው ቀየረች፤ ቫልቩን ፈትታ፣ ጨውን ፍቃ፣ ጎማውን ለውጣ መለሰችው። ጀርባዋ በላብ ራሰ።

«እርስዎ ተመልሰው አይመጡም» አለ አሳዳሪው። «ቀጥሎ የሚገባው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ለምን ይደክማሉ?»

በጥርሷ ብሎን ነክሳ ስለነበር አንድ ቃል ብቻ መለሰችለትና ሥራዋን ቀጠለች።

ስትሄድ ክፍሉ ባዶውን ቀረ። አሳዳሪው የአሥራ አንድ ዓመት ትምህርቱን መልሶ አየው። ሰዎች እውነቱን የሚሸሽጉትና ለማያውቁት ሰው የሚጨነቁት በአንድ ምክንያት ይመስለው ነበርና፣ ሁለቱን በአንድ ስም መዝግቧቸዋል። ይህች ሴት ግን ምንም ሳትሸሽግ ተጨነቀች። ስለዚህ መዝገቡን ለሁለት ከፈለው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጣዮቹ ባለፈረቃዎች፣ ወይዘሮ ስንዱና ባለቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ ስንዱ ከሻንጣቸው ወፍራም ሹራብ አውጥተው ሊለብሱ ሲሉ ቆም አሉ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ሞቋል እኮ! ማነው የሠራው?»

«ቫልቩ አሥራ አንድ ዓመት ተበላሽቶ ነበር፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለ አሳዳሪው። ባልና ሚስት ተያዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። «የማንም ጥፋት አልነበረም። ትርሲት የሚባሉ እንግዳ ዛሬ ጠገኑት። ቤቱን አልፈለጉትም፤ ተመልሰውም አይመጡም።»

«ካልፈለገችው ታዲያ ለምን ደከመች?»

«ጠይቄያቸው ነበር» አለ። «‹ይበርዳቸዋል› አሉኝ።»