ሦስተኛው ክፍልፍል

ደብሊውን ከተጫነች አለቀ። ዙፋን ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ደርቃ ቀረች። የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት የኮምፒውተር ክፍሉን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል፤ እሷን ያላባት ግን ሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ሊነክስ የሚባለው የኮምፒውተሩ ሲስተም ሲጫን የተሰጠው የዲስክ ቦታ ጠባብ ነበር፤ አሁን ጢም ብሎ ሞልቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሙከራ ፈተና ነገ ጠዋት ነው፤ የፈተናው ፕሮግራም ደግሞ አልገባ አለ። ስለዚህ መምህር ደረበ ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ቦታዎች አንዱን፣ ሦስተኛውን ክፍልፍል፣ አጥፍታ ቦታውን ለሲስተሙ እንድትጨምር አዘዟት። የማጥፊያውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋ ጨርሳለች። ደብሊው እስኪነካ ድረስ ግን ዲስኩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ኪውን ብትነካ ሁሉም እንደነበረ ይቀራል።

ችግሩ ሦስተኛው ክፍልፍል ባዶ አለመሆኑ ነው። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ልጆች መኪና ተራ ቆመው የመዘገቧቸው የአራት መቶ ሰሊጥ አጫጆች ስም፣ የትውልድ ቀበሌና የዘመድ ስልክ እዚያ ውስጥ ነው። አምና አንድ ከጎጃም የመጣ ልጅ ወባ ራሱን አስቶት ሲወድቅ፣ እናቱ የተገኘችው በእንዲህ ያለ ዝርዝር ነበር። የዘንድሮዎቹ ደግሞ በየእርሻው ተበትነዋል፤ ዳግመኛ ማን ይሰበስባቸዋል?

«ዝርዝሩ ፍላሽ ላይ ተገልብጧል አይደል?» አሉ መምህር ደረበ፣ በሩ ላይ ቆመው ስልክ እያወሩ።

«ትናንት ገልብጨዋለሁ» አለች አግዳሚው ላይ ከዙፋን አጠገብ የተቀመጠችው እየሩስ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ዙፋን ጓደኛዋን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃታለች። እየሩስ ስትዋሽ ትፈጥናለች፤ ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ አትፈጥንም። መምህሩ ወደ ስልካቸው ሲመለሱ፣ «ፍላሹን ስጪኝ እስቲ፣ ልየው» አለቻት በሹክሹክታ።

«አታምኚኝም እንዴ? አታካብጂ።»

«ስጪኝ ብቻ።»

እየሩስ አንገቷን ደፋች። «ረሳሁት ባክሽ። መምህር ካወቁ ለኮምፒውተር ውድድሩ ጎንደር አይወስዱኝም። ዝም በይ ዙፋኔ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ደግሞ ዘንድሮ ማን ይታመማል ብለሽ ነው?»

ዙፋን ተናደደች፤ አሳዘነቻትም። ለውድድሩ ዓመት ሙሉ የተለማመዱት አብረው ነው።

«ጨርሺው እንጂ፣ መብራት ሳይሄድብን» አሉ መምህሩ ስልኩን ዘግተው።

ኪውን ተጫነች።

«ምነው?»

«ዝርዝሩ አልተገለበጠም፣ መምህር።»

መምህር ደረበ እየሩስን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ የራሳቸውን ፍላሽ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የጎንደሩን ነገር በኋላ እንነጋገራለን» ብለው ወጡ።

እየሩስ ከአግዳሚው ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «አሁን ደስ አለሽ?» አለች።

«አላለኝም።» እውነቷን ነው። አግዳሚው ላይ ወደ ዳር ተጠጋችና ኪቦርዱን ወደ ባዶው ቦታ ገፋችው።

«ነይ፣ አንቺ ገልብጪ» አለች። «እኔ አራት መቶ መሙላታቸውን አያለሁ።»