ከሚስቴ በር ትይዩ

የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም። በራሴ የደረሰ ነው።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ የፕሮቶኮል ክፍል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይስቃል።

ስልኩ ጮኸ...

ቆይ፣ መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ።

ባለሥልጣን ወደ ውጭ ሲሄድ ጉዞውን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ቪዛ፣ ቲኬት፣ ሆቴል፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቅ መኪና። እዚያ አገር ላለው ኤምባሲያችን የተጓዦቹን ዝርዝር ከሦስት ሳምንት በፊት እልካለሁ።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ መስመር አለች። «ተጠባባቂ» እንላታለን። ከተጓዦቹ አንዱ ቢታመም ወይም ቢቀየር፣ ለሚተካው ሰው ክፍል እንዳይጠፋ የምትያዝ ናት። ማንም ካልተቀየረ፣ ጉዞው ሳይጀመር የአንድ መስመር ደብዳቤ እልካለሁ፦ «ተጠባባቂው ይሰረዝ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያቺን ደብዳቤ ረስቼ አላውቅም።

ያን ጊዜም አልረሳኋትም።

ሆን ብዬ ነው ያልላክኋት።

ሚስቴ አስተርጓሚ ናት። ምክትል ሚኒስትሩ በሄዱበት ትሄዳለች። ሥራዋ ከኋላቸው ተቀምጣ ጆሯቸው ሥር ማንሾካሾክ ነው።

እስቲ አስቡት... የገዛ ሚስታችሁ በየጋዜጣው ላይ፣ ከንፈሯ የሌላ ወንድ ጆሮ አጠገብ።

ፎቶዎቹን ቆርጬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። በከንፈሯና በጆሯቸው መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቼ አውቃለሁ። አትሳቁብኝ።

ሥራ ቆይታ ስትመጣ፣ ቤታችን በር አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ወንበሯ አንድ እግሯ አጠር ይላል። ስነቃነቅ ጠቅ ትላለች።

«በሩን ስከፍት ካንተ ሰላምታ በፊት የምሰማው እሷን ነው» ትለኛለች ሚስቴ። «እንደ እስረኛ ትጠብቀኛለህ።»

«ሥራሽን ተይውና ወንበሯን እጥላታለሁ።»

«ሥራዬን እንኳ አልተውም። እዚያች ላይ እስክታረጅ ተቀመጥ።»

የዚያ ጉዞ ተጓዦች አራት ነበሩ። ምክትል ሚኒስትሩ፣ አማካሪያቸው፣ ጠባቂያቸው እና ሚስቴ። ተጠባባቂው መስመር ላይ የራሴን ስምና የፓስፖርት ቁጥር ጻፍኩ። ከሥሩም አንድ ማሳሰቢያ ጨመርኩ፦ ክፍሉ ከአስተርጓሚዋ በር ትይዩ ይሁን።

የክፍላችንን ማኅተም የሚይዙት ሴትዮ፣ እማማ ማኅተም ነው የምንላቸው፣ ወረቀቱን አንብበው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ባልና ሚስት በአንድ ልዑክ? ሽርሽር አደረጋችሁት እንዴ?»

«ምናልባት ሰው ከጎደለ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«የጎደለውስ ሌላ ነገር ነው» አሉና ማኅተሙን መቱበት።

ሰው አልጎደለም። የስረዛውን ደብዳቤ ጻፍኩ፣ እማማም ማኅተም መቱልኝ። ከዚያ መሳቢያዬን ከፍቼ ፎቶዎቹ ላይ አስቀመጥኳት።

ክፍሉ ባዶ ይቅር አልኩ። ቢያንስ ከሚስቴ በር ትይዩ ሌላ ወንድ አይገባም።

እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ልብስ አያለሁ።

«ጥቁሩ ቀሚስ ለምንድነው?»

«ለእራት ግብዣው።»

«እሳቸው ይወዱታል?»

ቀሚሱን ጣለችው። «ኧረ በፈጠረህ! ይሄን ነገርህን እዚሁ አስቀርልኝ። ይዤው መሄድ አልችልም።»

ሳትሰናበተኝ ወጣች።

እንግዲህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጮኸው ስልክ ከኤምባሲው ነበር። እንግዳ የሚቀበለው ሁለተኛ ጸሐፊ። ለዓመታት በስልክ ስንቀላለድ የኖርን፣ በአካል ግን ተያይተን የማናውቅ ሰዎች ነን።

«ሃሎ፣ አምስቱም በሰላም ገብተዋል ብላችሁ መዝግቡ።»

«አራቱም ለማለት ነው» አልኩት። «እንቅልፍህን አልጨረስክም እንዴ?»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ድምፄ ጠፋህ?»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ቀጥሎ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«ቆይ... አሁን የት ነህ?»

«ቢሮ። የት እሆናለሁ?»

«ወንድሜ፣ አትቀልድብኝ። ትናንት አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩህ ራሴ ነኝ። ፓስፖርትህን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።»

መሳቢያዬን ሳብኩት። ፓስፖርቴ እዚያው፣ ከደብዳቤዋ ጎን ተቀምጧል።

«እኔ አሁን ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ነኝ» አለ በሹክሹክታ። «አንተ... ሰውየው... በሯ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከክፍሉ ወንበር አውጥቶ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነሳም። ምግብ ሲያመጡለት ዞር ብሎ አያይም። በሩን ብቻ ነው የሚያየው።»

«ምን ለብሷል?»

«ግራጫ ሱፍ። ግራ እጅጌው ላይ አንድ ቁልፍ ወልቋል።»

እጄን ወደ ፀሐዩ አወጣሁት።

ግራጫው ሱፌ። ግራ እጅጌ። በወለቀው ቁልፍ ቦታ ክር ተንጠልጥሏል።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሰማሁት...

ጠቅ።

ጠቅ።

ስልኩን ዘግቼ ለሚስቴ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

«ምን አለብህ ገብተህ ብታናግረኝ?» አለች። ድምፏ በለቅሶ ደክሟል። «በሬ ላይ ተቀምጠህ ትደውልልኛለህ?»

«እኔ ቢሮ ነኝ።»

«አትቀልድ።»

«እማማን ላገናኝሽ? አጠገቤ ናቸው።»

የእግሯ ኮቴ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማሁ።

«በበሩ ቀዳዳ እያየሁህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስልክ አልያዝክም። አፍህም አይንቀሳቀስም።»

«አውቃለሁ።»

«ትናንት የሄድኩበት ሁሉ ተከተለኝ። ስብሰባ ላይ ከኋላዬ ቆመ። ምክትል ሚኒስትሩ ጨንቋቸው ሌላ አስተርጓሚ አስጠሩ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከዚህ ክፍል አልወጣሁም።»

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ደስ አለኝ።

ለአፍታ ነው። ግን ደስ አለኝ። ከክፍሏ አልወጣችም። የማንም ጆሮ ሥር አላንሾካሾከችም።

«እባክህ» አለች። «ማንም ይሁን ማን፣ ሂድ በለው። ያንተን ቃል ይሰማል።»

«እሺ» አልኳት።

ደብዳቤዋን ከመሳቢያው አወጣሁ። የፋክስ መላኪያ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኳት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ።

ግን አሰብኩ... የእራት ግብዣው ሐሙስ ነው። ጥቁሩ ቀሚስ።

እስከ ዓርብ ይቆይ አልኩ። እስከ ዓርብ ብቻ።

ደብዳቤዋን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ዓርብ ጠዋት፣ ልዑኩ ሊሳፈር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ላክኋት። የሁለተኛ ጸሐፊው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ዘግይቷል፤ ተጠባባቂው ከልዑኩ ጋር ተሳፍሯል።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የእንግዶች መውጫ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ጠባቂው ወጣ። አማካሪው ወጣ። ከዚያ ምክትል ሚኒስትሩ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከፎቶ ውጪ በቅርብ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ተሰክቷል።

እሱን ለክቼ አላውቅም።

ሲያዩኝ ቆም አሉ። «ደግሞ ለምን ተመለስክ? ሚስትህን ይዘህ ቀድመኸን ወጥተህ የለ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ክቡርነትዎ።»

አልሰሙኝም። «ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች» ብለው በጠባቂያቸው ክንድ ተደግፈው አለፉ።

ነበረች።

ለእማማ ማኅተም ደወልኩ።

«ምነው፣ ረስተኸው የሄድከው ነገር አለ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ።»

«በምን ደረስክ? አሁን አይደል እንዴ የሚስትህን የመልቀቂያ ደብዳቤ አምጥተህ ማኅተም ያስመታኸኝ? የራስህ የእጅ ጽሑፍ፣ የእሷ ፊርማ። ልጄ፣ አሞሃል መሰለኝ። ወረቀቱን ስቀበልህ እጅህ በረዶ ነበር።»

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቢሮ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። አውሮፕላኑ ካረፈ ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ቤት ስደርስ ደረጃው ላይ ገና ፀሐይ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች፣ «እንዴ፣ ደግሞ መቼ ወጣህ?» ብላ ሳቀችብኝ። አልፌያት ወጣሁ።

ቁልፌ ገባ። ግን አልዞረም። ከውስጥ ሌላ ቁልፍ ተሰክቶበታል።

አንኳኳሁ።

ባዶ እግር ወለሉ ላይ ተራመደ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማነው?» አለች ሚስቴ፣ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ። ክፈቺ።»

ከንፈሯን በሩ ስንጥቅ ላይ አስጠግታለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ይህን ያህል ቀርባ ስታንሾካሾክልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አትጩህ... ጓዳ ነው ያለው።»

«ቁልፉን አዙሪው!»

«ማክሰኞ ዕለት ሂድ በለው ብዬህ ነበር» አለች። «እሺ ብለኸኛል። አልከው?»

አፌን ከፈትኩ።

እስከ ዓርብ ብቻ ነው ያቆየሁት ልላት ፈለግኩ።

«አላልከውም» አለች።

ከውስጥ ሌላ እርምጃ መጣ። ዝግ ያለ። ከባድ። የጫማው አረጋገጥ የራሴ ነው። የእሷ እግር ከበሩ ሲርቅ ሰማሁ። በሩ መሐል ያለችው ትንሽ መመልከቻ ጨለመች።

በዚያች ቀዳዳ እኔም ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ማን ሸኛት? ማን አመጣት? እያልኩ።

አሁን እኔን ያያል። ሊቀማው የመጣን ሰው እንደሚያይ።

ከዚያ መመልከቻዋ ተመልሳ ነጣች። ከባድ ነገር ወለሉን እየቧጨረ ተጎተተ። በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሰው ተቀመጠበት።

«ማነው?» አለች ሚስቴ ከሩቅ።

«ማንም የለም» አለ የእኔ ድምፅ።

ጠቅ...

ጠቅ...