ዘጠነኛው የእጅ ማሰሪያ

«ስንት ናችሁ?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«ዘጠኝ» አለች እናት።

ማንም አላረማትም። አባት ጉሮሮውን ጠራረገ። አያት የሻርባቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ። እንግዳ ተቀባይዋ ምን ታውቃለች፤ ዘጠኝ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማሰሪያ ቆጥራ አወጣችና በየእጃቸው ታስርላቸው ጀመር። ከአባት ተነስታ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ እስካልሞላው እስከ ትንሹ ድረስ አዳረሰች። እጅ አለቀ፤ አንዲት ማሰሪያ ተረፈች።

«አንድ ሰው ገና አልመጣም መሰለኝ» አለች ፈገግ ብላ።

እናት ምን እንደተናገረች የገባት ያኔ ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ ያየችው ልጇ ሬዲዮ ብቻ ናት። ልጅቷ ቶሎ ብላ ማሰሪያዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና «እኔ እይዝለታለሁ» ብላ ኪሷ ከተተቻት።

ሬዲዮ ስሟ አይደለም። በስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎች ብቻ ናቸው፣ ያውም ሲቆጧት። «ሬዲዮ» ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ጠዋት የተከፈተ አፏ እስክትተኛ ስለማይዘጋ። ከሥራ ደክሞት ሲገባ «ኧረ ይቺን ሬዲዮ አንዳችሁ ዝጉልኝ!» ይላል። አኩርፋ ዝም ካለች ደግሞ ብዙ አይታገስም፤ «ምነው፣ ዛሬ ዜና የለም እንዴ?» እያለ ይጎነትላታል። አሁን እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሱ ከሞተ አራት ወሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አታወራም።

ወንድሟ ሴራሚክ ለጣፊ ነበር። ይህንኑ ሪዞርት ከሠሩት አንዱ ነው። የመዋኛ ገንዳውን ወለል ከጓደኞቹ ጋር ለጥፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ዋናው ሕንፃ ግድግዳ ተዛወረ። እዚያ የቆመበት ጣውላ ተሰበረና ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። የሪዞርቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት «የደህንነት ቀበቶ ሳያስር ወጥቶ ነው» አለ። እውነት ነው፣ አላሰረም። ለምን እንዳላሰረ ለሬዲዮ የነገራት አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ነው። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ በሩ ጥግ አጠገቧ ተቀመጠና «ለአራት ሰው አንድ ቀበቶ ነበር ያለን፤ በተራ ነበር የምናስረው። ያን ቀን ተራው የኔ ነበር» አላት። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ለአባቷ ስትነግረው «ለማንም እንዳትደግሚው» አላት። አልደገመችውም።

ግብዣው የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በትልቅ መኪና እስከ ደጃቸው መጥቶ «ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሦስት ቀን፣ በትልቁ ቪላ። መብላቱም መዋኘቱም በእኛ» ብሎ ሄደ። እሱ ከመሄዱ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ።

«አራት መኝታ ቤት እኮ ነው ያለው!» አለ ጎሊ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ። ሰፈር ውስጥ በረኛ ስለሆነ ነው ጎሊ የሚባለው፣ ኳስ ሲይዝ የታየው አልፎ አልፎ ቢሆንም። «እኔ እዚህ መንታዎቹ ሲራገጡኝ ነው የማድረው።»

«አንተ ነህ የምትራገጠው!» አሉ መንታዎቹ እኩል።

«ልጄ የወደቀበት ግቢ ሄጄ ልዝናና?» አለች እናት።

«ልጆቹ እንኳ ትንሽ ይሳቁ» አሉ አያት። «ቤቱ እኮ ሰው ያለበት አይመስልም።»

አባት መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «እንደኛ ብዙ ሆኖ እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባ ማን አለ? አንድ ሌሊት እንኳ ከፍለን አንችለውም። ይሄ በነፃ ነው።»

«ነፃ አይደለም» አለች እናት። «ተከፍሎበታል።»

ትንሹ እንኳ የሚያንኳኳውን ማንኪያ አቆመ። አባት ቀና ሳይል የደበቀውን አወጣው፦ ሥራ አስኪያጁ እዚያው ሪዞርቱ ውስጥ የጥበቃ ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል፤ ግብዣውን እምቢ ካሉ ግን ነገሩ ያበቃል። አባት ሾፌር ነበር፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መንጃ ፈቃዱ አልታደሰለትም። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው የሟቹ ደሞዝ ነበር። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም፤ እናትም ተነስታ የልጆቹን ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

ቪላው እንደተባለው ነበር። ሬዲዮን ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ቢያንስ አልጋው ቢጎረብጥ፣ ውሃው ቢቋረጥ፣ አንድ የምትጠላው ነገር ብታገኝ ደስ ይላት ነበር። እስከዚያ ቀን ሙቅ ውሃ በጆግ ሲፈስላት እንጂ ከግድግዳ ሲወርድባት አታውቅም። ጣቶቿ እስኪጨማደዱ ቆመችበት። ወጥታ መስታወት ውስጥ የቀላ ፊቷን ስታየው እንዴት እንዳፈረች! እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ አገኘቻት፤ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው።

«እማዬ፣ ጫማሽን አውልቂና ጋደም በይ።»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። እናንተ ተጫወቱ።»

ምግብ ቤቱም ውስጥ ሰሃን የሚዘረጋላቸው ለዘጠኝ ነው። አስተናጋጁ «የቀረው ሰው ካልመጣ ላንሳው?» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እናት መዳፏን ሰሃኑ ላይ አደረገችና «ተወው» አለችው። አስተናጋጁ ግራ ገብቶት ተወው። ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ ዘጠኝ እያደረገ ያቀርብ ጀመር።

ገንዳው ደግሞ ሌላ ነው። ወንድማቸው በሕይወት ሳለ «ከታች ወለሉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ዓሣ አለች፤ ዓይኗን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ ነቅዬ ነው ያስተካከልኳት፤ መጀመሪያ ሸውራራ ሆና ነበር» ብሏቸዋል። ጎሊ አፍንጫውን ይዞ ጠለቀና አረፋ እየተፋ ብቅ አለ። «አገኘኋት! ዓይኗን ነካሁት! ሸውራራ አይደለችም!» መንታዎቹ ጮኹ፤ ትንሹ ጥልቀት በሌለው በኩል ቆሞ በእጁ ውሃውን ይደበድበው ጀመር። ሬዲዮም ጠለቀች። ዓሣዋ ቅርፊቷ ሳይቀር ተስተካክሎ ተለጥፏል፣ መገጣጠሚያው ጥፍር እንኳ አያስገባም። እዚያው ከታች አለቀሰች። ውሃ ውስጥ ማልቀስ ጥሩ ነው፤ ማንም አይለይም። ስትወጣ ልጆቹ ይስቁ ስለነበር እሷም አብራ ሳቀች፤ ሳቁም የምር ነበር።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የመጣው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አነጋገሩ ቅቤ የመሰለ ወጣት ነው። አያትን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፣ ለትንሹ ከረሜላ ሰጠው፣ ከዚያ አባት አጠገብ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ነገ ጠዋት አጭር ቪዲዮ እንቀርጻለን። ሰው የሚወደው ልጅ ሲናገር ነው። ከልጆቹ አንደበቱ የሚፈታው ማን ነው?»

«እሷ ናት» አለ አባት፣ በአገጩ እየጠቆመ። «ሬዲዮ ነው የምንላት።»

«ሬዲዮ! ግሩም ነው!» ሰውዬው ሳቀና ወደ እሷ ዞረ። «ከባድ አይደለም፣ እህቴ። ስንት እንደሆናችሁ ትናገሪያለሽ፤ ትልቅ ቤተሰብ ሰው ደስ ይለዋል። ከዚያ እንዲህ ነው የምትይው፦ ‹ወንድማችን በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ቢለየንም፣ ድርጅቱ እንደ ወላጅ ሆኖ ደግፎናል።› መጨረሻ ላይ ፈገግታ። አለቀ።»

ሬዲዮ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጠበቅ አደረገች። «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት የሚለው ቢቀርስ?»

«እሱማ ዋናው ነው» አለ ሰውዬው። ወዲያው ምላሱን ያዝ አደረገ። «ማለቴ፣ ለሌሎች ሠራተኞች ትምህርት ይሆናል።»

አመሻሹ ላይ አባቷን ከቪላው ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ከመጡ ጀምሮ የሚቀመጠው ለዋናው ሕንፃ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ ያንን አልልም።»

«ቃል ነው እኮ። ብለሽው ትገላገያለሽ።»

«ለአራት ሰው አንድ ቀበቶ እንደነበር ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ። እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ትንሹ ዳቦ ሲለኝ ቀበቶ ላብላው?» ፊቱን ወደ ሌላ አዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ። «እሱ ራሱ ቢሆን ለታናናሾቹ ሲል ዝም ይል ነበር። ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። የመጨረሻዋን ቁራሽ «ጠግቤያለሁ» ብሎ የሚገፋላቸው እሱ ነበር። አባቷ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው ያቃጠላት። እሱ ዝም ይል ነበር፤ ያን ቀንም «ቀበቶ ከሌለ አልወጣም» ሳይል ዝም ብሎ ነው ጣውላው ላይ የወጣው። እምቢ ቢል ለታናናሾቹ የሚያመጣው ደሞዝ ይቀር ነበርና። ሬዲዮ ተነስታ ገባች፤ ለስላሳው አልጋ ላይም እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ጠዋት ገንዳው ዳር ደረደሯቸው። አያትና እናት ወንበር ላይ፣ አባት ከኋላቸው፣ ልጆቹ ከፊት። ሁሉም የሪዞርቱ ምልክት ያለበት ነጭ ቲሸርት ለብሰዋል፤ የእናት ጥቁር ልብስ ላይ ተደርቦ የአልጋ ልብስ የጣሉባት መስሏል። የካሜራ ባለሙያው ዋናው ሕንፃ ከኋላ እንዲታይ ፈልጎ ትንሽ ወደ ግራ አስጠጋቸው። አዲሱ ግድግዳ በጠዋት ፀሐይ ያብለጨልጫል። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ሬዲዮን መካከል አቆማት።

«‹እኛ ስምንት ቤተሰብ ነን› ብለሽ ጀምሪ፣ እሺ?»

ሬዲዮ እጇን ኪሷ ከትታ ዘጠነኛዋን ማሰሪያ አወጣች። በሁለት ቀን ውስጥ ተጨማድዳለች። ከራሷ ማሰሪያ በላይ አሰረቻት።

«ለምንድነው ላንቺ ሁለት?» አለች አንዷ መንታ።

ሬዲዮ ዞር ብላ አባቷን አየችው። አባቷ እጇን አየ። «ተይ» ሊላት ይችላል፤ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፣ እሷም ትሰማው ነበር። አፉ ተከፈተ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ፣ ከመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግድግዳውን ከታች እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ቀስ ብሎ አየው። ፊቱን ሲመልስ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር፤ አፉንም ሳይናገር ገጠመው።

«ዝግጁ?» አለ የካሜራ ባለሙያው።

«እኛ ዘጠኝ ነን» አለች ሬዲዮ።

«ስምንት፣ እህቴ። እንደገና ከመጀመሪያው።»

«ዘጠኝ ነን። ታላቅ ወንድማችን ይሄን ገንዳ ለጥፎታል። ከዚያኛው ግድግዳ ላይ ሲወድቅ ለአራት ሰው የተሰጠው አንድ ቀበቶ ነበር፤ ተራው የሱ አልነበረም…»

«አጥፋው!» አለ ሰውዬው። ቅቤው ከድምፁ ጠፍቷል። ወደ አባት ዞሮ «ምን ማለት ነው ይሄ? ያልተነጋገርነው ነው!» አለ።

«የተናገረችው ልክ ነው» አለ አባት። ሬዲዮን ሳይቆጣትም ሳያመሰግናትም ሻንጣ ሊያሰናዳ ወደ ቪላው አመራ። እርምጃው የደከመው ሰው እርምጃ ነበር፤ ሬዲዮ ከኋላው እያየችው ምን እንዳሳጣችው አወቀች።

ሰውዬው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ይላል። ውጡ እስኪባሉ ብዙ አይቆይም። አያት የትንሹን አፍ በመሐረባቸው ይጠርጋሉ። ጎሊ ቲሸርቱን አውልቆ አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ መንታዎቹም እንደሱ አደረጉ።

እናት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ገንዳው አፋፍ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ውሃው ውስጥ ዘረጋች።

«ዓሣዋ የቷ ጋ ናት?» አለች።

ሬዲዮ አጠገቧ ተቀመጠች። በሁለት ማሰሪያ በታሰረው እጇ አሳየቻት፤ ዓይኗን ማን እንደለጠፈው፣ መጀመሪያ ሸውራራ እንደነበረች፣ ሦስቴ እንደተነቀለች ነገረቻት። እናቷ ውሃውን እያየች ሰማቻት፤ ሬዲዮም ጥበቃዎቹ ሲመጡ እያየች ማውራቷን አላቆመችም።