ውሃው የሚሸሽበት ሰዓት

አማትየዋ የምግብ ጠረጴዛውን ከያዙት አራት ቀን ሆኗቸዋል። የአንድ ገደላማ የባሕር ዳርቻ ካርታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶበት፣ ማዕዘኖቹ ላይ የስኳር ዕቃና የልብስ መተኮሻ ተጭኖባቸው፣ ቤተሰቡ ምሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ካርታ ሲስሉ ኖረዋል። ያንን ዳርቻም በእጃቸው ስለውታል፤ በእግራቸው ግን ረግጠውት አያውቁም።

ወንድ ልጃቸው ከዳርቻው ጫፍ ባለው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ብቻውን ይሠራል። ሬዲዮው ዝም ካለ ዘጠኝ ቀን አልፏል። የወደቡ ኃላፊ ደግሞ ነፋሱ ካልበረደ ጀልባ አልልክም ብሏል።

«በእግር ሦስት ቀን ነው» አሉ፣ እርሳሳቸውን በካርታው ላይ እየነዱ። «እዚህ ጋ ገደሉ ባሕር ውስጥ ይገባል። ውሃው ሲሸሽ ብቻ፣ ለሁለት ሰዓት፣ በሥሩ ያሳልፋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እዚያ መገኘት አለብን።»

«አለብን?» አለ የሴት ልጃቸው ባል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «እትዬ፣ እርስዎም ሊሄዱ ነው?»

«ታዲያ ካርታው ብቻውን ይሂድ?»

ሹፌሩ ከሚስቱ ወንድም ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «እህቴ ከሹፌር የተሻለ አጥታ ነው?» ብሎ በሠርጉ ማግስት በሰው ፊት የተናገረውን ሰው ፍለጋ ሊወጣ ነው። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ተነሥቶ ገመድ ሊያወርድ ወደ መኪናው ሄደ።

ሁለቱ መኪናውን መንገዱ ካለቀበት አቁመው በእግር ቀጠሉ። የመጀመሪያው ቀን በነፋስ አለቀ። አሸዋው ፊታቸውን ሲገርፍ ዋለ፤ አመሻሹ ላይ ድንኳናቸው ሁለት ቦታ ተቀደደ። በማግስቱ የሚያሟልጭ ድንጋይ ገጠማቸው። አማትየዋ ሁለቴ ወደቁ፤ ጉልበታቸውን በሻሽ አስረው ተነሡ።

በሦስተኛው ቀን በሰዓቱ ደረሱ። ውሃውም እንደተባለው ሸሽቷል። መተላለፊያው ላይ ግን ሃያ የሚሆኑ የባሕር አንበሶች፣ እነዚያ ግዙፍ የባሕር አውሬዎች፣ ተጋድመዋል። ሹፌሩ ድንጋይ ወረወረ። በሬ የሚያህለው ወንዱ አንገቱን አስግጎ አጓራና ተንደረደረበት፤ ሹፌሩ እግሬ አውጪኝ አለ። ይነሡ እንደሆን ብለው ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቁ። የተነሣ የለም። ውሃው መመለስ ጀመረ።

«እነዚህን አላሰብኳቸውም» አሉ አማትየዋ። «እኔ ነኝ ያመጣሁህ። ተመለስ ልጄ።»

«ገደሉ ላይስ ምን አለ? የሳሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ግማሹ ላይ መደብ የመሰለ ቦታ አለ። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይለዝባል። ግን የሳልኩት ከአውሮፕላን ፎቶ ነው፤ በእርግጠኝነት አልነግርህም።»

«ይበቃኛል።»

ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ወጣ። ከመደቡ አንድ ክንድ ሲቀረው የረገጠው ድንጋይ ተናደ፤ በሁለት እጁ ተንጠለጠለ። እግሩ ስንጥቅ እስኪያገኝ ድረስ ግድግዳውን ቧጠጠ፣ ከዚያ በደረቱ ተስቦ ወጣ። መዳፉ ተልጧል። ገመዱን ከቋጥኝ ጋር አስሮ ለቀቀላቸው። አማትየዋ ወገባቸውን አስረው ሲጎተቱ አንዴም አልጮኹም። ከታቻቸው ማዕበሉ መተላለፊያውን ዋጠው።

ጣቢያው ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የሬዲዮው ምሰሶ ወድቋል። ልጅየው አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ያበጠ እግሩን ከጣውላ ጋር አስሮታል፣ የውሃው ጀሪካን ባዶ ነው። ምሰሶውን ሊያቆም ሲል እግሩ ላይ ወድቆበት ነው። እናቱ ተንበርክከው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሱ በትከሻቸው በኩል በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። እንካ፣ ቀስ እያልክ ጠጣ።»

«ያኔ የተናገርኩት…»

«እሱን እቤት እናወራዋለን። አሁን የሬዲዮው ሽቦ የት ጋ እንደተበጠሰ ንገረኝ።»

ሹፌሩ በተላጠ መዳፉ ሽቦውን ሲቀጥል ቆየ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከወደቡ አንድ ድምፅ «ማነው የሚናገረው?» አለ።

«ወንድሙ ነኝ» አለ ሹፌሩ። «ሦስታችንም በሕይወት አለን። ነፋሱ ሲበርድ ጀልባ ላኩልን።»